ደብረ ሊባኖስን በአንድ ቀን፦ ሰው ይዞ ለሚወጣ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ይዤ ደብረ ሊባኖስ ስወርድ አሥራ አንድ ነበርን። ዘመድና ጎረቤት ነው። ቅጥሩ ውስጥ እንደገባን ሁሉንም ሰብስቤ ታሪኩን ማውራት ጀመርኩ። ስለ ጻድቁ፣ ስለ ግራኝ ዘመን፣ ስለ ጣልያን። አጠገባችን ግድግዳውን ተደግፈው የሚጸልዩ እናት ነበሩ። ዞር አሉና "ልጄ፣ እዚህ ዝም ይባላል" አሉኝ። አልተቆጡም። ግን ቃላቸው ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን ማስጎብኘት ሥራዬ ነው። ያንን መንገድ ስንቴ እንደወጣሁት አልቆጥረውም። ዛሬም ሰው ይዤ ስሄድ የእኚያን እናት ቃል ነው የምከተለው። የሚነገረው ሁሉ መንገድ ላይ ይነገራል። ከደረስን በኋላ ማየት፣ መጸለይና መራመድ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ቤተሰቡን፣ የማኅበሩን አባላት ወይ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን ይዞ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ለሚያስብ ሰው ነው። አስጎብኚ ባትቀጥሩም ከመካከላችሁ አንድ ሰው የአስጎብኚውን ሥራ መያዝ አለበት። ያ ሰው እናንተ እንደሆናችሁ አድርጌ ነው የማወራው።

ቀኑን መምረጥ

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወደ ጎጃም የሚወስደው ነው፤ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ እያለ ይሄዳል። ፍቼ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ወር በገባ በ24 የተክለ ሃይማኖት በዓል ነው። በተለይ ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12 ሕዝቡ ጎርፍ ነው። ለንግሥ የምትሄዱ ከሆነ ደስታው እዚያው ሕዝቡ መሃል ነው፣ ሂዱ። ቦታውን ረጋ ብላችሁ ልታዩ፣ ሽማግሌና ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ምረጡ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ከሰዓት ደርሳችሁ ቤተ ክርስቲያኑን ውስጡን እንይ ብትሉ አይሆንም። እኔ የምመርጠው ቅዳሜን ነው። ጠዋት ቅዳሴው ሲያበቃ እንደርሳለን፣ ግቢውም ጸጥ ይላል።

ወሩን በተመለከተ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር የሚያህል የለም። የሱሉልታ ሜዳ አረንጓዴ ነው፣ በመስከረም ደግሞ አደይ አበባው አለ። ከገዳሙ በላይ አፋፉ ላይ ካለው የድንጋይ ድልድይ ሥር የሚወርደው ውሃ ገና ድምፅ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ገደሉን ይሸፍነዋል፣ ዘጠና ከመቶ ዕድላችሁ ነጭ ግድግዳ አይቶ መመለስ ነው። በየካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ውሃው ግን ክር ይሆናል።

ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መንገዱን ጠይቁ። ሠፈር ውስጥ የምትሰሙትን ወሬ ሳይሆን በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር ፈልጉና እሱን ጠይቁት። "ዛሬ ባትሄዱ ይሻላል" ካለ ቀኑን ለውጡ። ገዳሙ ከ700 ዓመት በላይ ቆይቷል፣ ለሳምንትም አይጠፋም።

ለሰዎቻችሁ የምትነግሩት

በስልክ የምልከው መልእክት ሁሌም አንድ ነው። ነጠላ። ሴቶች ረጅም ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ። ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ጫማ። ወፍራም ካልሲ፣ ምክንያቱም ጫማ ወልቆ የሚረገጠው ወለል ጠዋት ላይ አጥንት ድረስ ይበርዳል። ጃኬት። ለፀሐይ ኮፍያ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። ዝርዝር ብር፣ ለሙዳይ ምጽዋትም ለነዳያንም። ጸበል የሚወስድ ሰው ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ጸበል የሚጠጣ ሰው በባዶ ሆዱ ነው የሚሄደው፣ ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ስኳር ያለባቸው ወይም መድኃኒት በሰዓት የሚወስዱ ትልልቅ ሰዎች ግን ለሰው ላለማስቸገር ብለው ዝም ብለው ይጾማሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ለብቻ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪማቸው ያላቸውን ይከተሉ፣ ቁርሳቸውን ቋጥሩላቸው። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ቀርቼ አንድ አባት ዳገቱ መሃል ላይ ላብ አጥምቋቸው ተቀመጡ። በቦርሳዬ ውስጥ የነበረ ማርና ዳቦ ነው ያነሳቸው። ከዚያ ወዲህ ማር ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም።

ከሾፌሩ ጋር ደግሞ ነገሩን ሁሉ ማታውኑ ጨርሱ። ስንት ሰዓት ይነሳል፣ ገዳሙ ድረስ ይወርዳል ወይስ አስፋልቱ ላይ ያቆማል፣ ከሰዓት ድልድዩ ጋ ይጠብቃል ወይ፣ ነዳጅ የማን ነው። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ስለ ሂሳብ መከራከር ቀኑን ያበላሻል።

ከ6 ኪሎ መነሳት

የምንገናኘው 6 ኪሎ፣ የካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ነው። ሰዓቱ 11፡30፣ ገና ጎህ ሲቀድ። ሰዎች "ለምን ከየሰፈራችን አትለቅሚንም?" ይሉኛል። የዚያን ቀን ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ነው።

ማዶ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያኔ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ የሆነውን ሐውልቱ ራሱ በዙሪያው በተቀረጹት ምስሎች ያሳያል። ሞተሩ ሳይነሳ አምስት ደቂቃ ብቻ ይህን እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ "ያ እሳት ከሦስት ወር በኋላ የደረሰበትን ቦታ ነው ዛሬ የምናየው" እላለሁ። ከዚያ እንነሳለን።

በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ትከሻ ስትሻገሩ ቅዝቃዜው ይለወጣል። ይሄኔ ዝም በሉ። ሰው በሌሊት ተነስቷል፣ ይተኛ። ሱሉልታና ጫንጮ ጋ ወተት የጫኑ ሰዎች መንገድ ዳር ታያላችሁ፤ ሰላሌ የወተትና የቅቤ አገር ነው። የማይጾም ሰው ካለ እርጎ መጠጣት የሚገባው ሲመለስ ነው፣ መኪና ውስጥ ጠዋት በእርጎ ኩርባ አይወሰድም።

ጫንጮን ካለፍን በኋላ ስለ ገዳሙ አወራለሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን መሠረቱት። ያኔ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን። የገዳሙ አለቃ እጨጌ ይባል ነበር፤ ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ በነበረበት ዘመን ከአገር ተወላጆች ትልቁ የቤተ ክህነት ሰው እሱ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ገዳሙ ተቃጠለ። ከዚያም እንደገና ተሠራ። አሁን የምታዩት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ግን በአፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠራ ነው። ይህን ቀድማችሁ ተናገሩ። አለዚያ የቆየ የድንጋይ ውቅር የጠበቀ ሰው አዲሱን ሕንፃ ሲያይ ቅር ይለዋል።

ሙከጡሪ ላይ ወረድ ብለን እግር እናፍታታለን። ጾም የሌለበት ሻይ ይጠጣል። ከሙከጡሪ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ለግንቦት 1929 ነው የማቆየው።

ቦምቡን የወረወሩት ሰዎች በደብረ ሊባኖስ በኩል አልፈዋል፣ መነኮሳቱም ያውቃሉ ተባለ። ግራዚያኒ ትእዛዝ ሰጠ። ጄኔራል ማሌቲ ወታደር ይዞ መጣ። ቀኑ ተመርጦ ነው፤ ግንቦት 12 የጻድቁ ፍልሰተ አጽም ነው፣ ሰው ከየአገሩ ይሰበሰባል። ገዳሙ ተከበበ። በማግስቱ መነኮሳቱን በካሚዮን እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ሸለቆ ወስደው ረሸኗቸው። ጣልያኖቹ ራሳቸው በላኩት ቴሌግራም 297 መነኮሳት ይላል። ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ቆይተው አካባቢውን ዞረው የዓይን ምስክር የሰበሰቡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ከ1,400 በላይ ያደርሱታል።

ልጆች ካሉ አረሻሸኑን አልዘረዝርም። አንድ ነገር ብቻ እላቸዋለሁ፦ "ለበዓል የመጡ እንግዶችም ነበሩበት። ልክ እንደኛ፣ ጠዋት ተነስተው የመጡ።" አንዴ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ "ስንቅ ይዘው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ይዘው ነበር አልኳት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አልተናገረችም።

ቁልቁል፣ ገዳሙና ዋሻው

ከአስፋልቱ ታጥፋችሁ ወደ ገዳሙ የሚወርደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ኩርባ በኩርባ ነው። በስተግራ ቋጥኝ፣ በስተቀኝ ገደል እያፈራረቀ ይወርዳል። ሾፌሩን በማርሽ እንዲወርድ ንገሩት፣ ፍሬን እየረገጠ ሳይሆን። እዚህ ላይ ሙዚቃም ወሬም አናሰማም።

ስትደርሱ መጀመሪያ ዋሻው፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ይሁን። ምክንያቱ ጉልበት ነው። ዋሻው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው፣ ዳገቱ ለጤነኛ ሰው ሃያ ደቂቃ፣ ለትልቅ ሰው እጥፍ ነው። ፀሐይ ሳይከር መውጣት ይሻላል። መቋሚያ ወይም ጠንካራ ዱላ ይዛችሁ ኑ። ከሰልፉ ፊት ሳይሆን ከኋላ ሁኑ፤ ከኋላ ያለው ሰው ነው ማን እንደደከመ የሚያየው። በየመንገዱ ዳር ብዙ መቃብር ታያላችሁ። እዚህ መቀበር ትልቅ በረከት ነው ተብሎ ከሩቅ አገር ተናዝዘው የሚመጡ ብዙ ናቸውና። መቃብር ላይ አትቀመጡ፣ ቢደክማችሁም።

ዋሻው ጻድቁ ቆመው የጸለዩበት ነው። አንድ እግራቸው ተሰብሮ በቀረው እግራቸው ሰባት ዓመት ቆሙ ይባላል። ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ሰው ሁሉ ሲገባ አንገቱን ደፋ ያደርጋል፣ ዓለቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ጸበሉን አባቶች ያድላሉ። ተራ ጠብቁ፣ ልጆችን አስቀድሙ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትገቡ ጫማ ደጅ ይቀራል። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ነው። ለጫማ ፌስታል ያዙ፤ በሕዝብ ቀን ጫማ ይቀያየራል። በወር አበባ ምክንያት ወደ ውስጥ የማትገባ ሴት ካለች ብቻዋን ግቢ ውስጥ አትተዋት፣ አንድ ሰው አብሯት ይቀመጥ። የሌላ እምነት ተከታይ ወዳጅ ይዛችሁ ከሆነም ግቢው ሰላምታ የሚያውቅ ነው፣ በሥርዓቱ ከቆመ ማንም ክፉ አይለውም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። መነኮሳትንና ሕሙማንን ግን ቢፈቀድም አታንሱ።

ከመስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ይተኛል። አንድ ጊዜ አንድ ሕፃን ቀዩን ብርሃን በመዳፉ ሊያፍሰው ጎንበስ ሲል አየሁ። እጁ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ፣ ደግሞ ሞከረ። እናቱ አልከለከለችውም።

ለዚህ ሁሉ ሦስት ሰዓት ስጡት። ከዚያ በታች አይበቃም።

አፋፉ፣ ጭላዳዎቹና ድልድዩ

ወደ ላይ ተመልሳችሁ አፋፉ ላይ ስትወጡ ሰባት ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ምሳ አሁን ነው። መኪናው አጠገብ ብሉና ፍርፋሪውን ሁሉ ሰብስባችሁ ቋጥሩ። ምግብ ይዞ ወደ ድልድዩ መውረድ የለም። ጭላዳዎቹ ስላሉ ነው።

ጭላዳ በዓለም ላይ የሚኖረው እኛ አገር ብቻ ነው። ደረቱ ላይ ጸጉር የሌለበት ቀይ ምልክት አለው፤ ወንዱ ደግሞ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ማታ ገደሉ ግድግዳ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። የሚበላው ሣር ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ይነጫል። ዝም ብላችሁ ሃያ እርምጃ ርቃችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ምንም አትሰሙም። ትንሽ ቆይታችሁ ጭው ያለው ሜዳ ሁሉ ጭርጭር፣ ጭርጭር ሲል ትሰማላችሁ፤ የሚነጨው ሣር ድምፅ ነው። ጣቶቻቸውን እዩ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ ልክ እናቶቻችን ጎመን እንደሚቀነጥሱት። መዳፋቸው ሲሞላ አፋቸው ይገባል።

ዳቦ አትጣሉላቸው። ልጆች ይለምኗችኋል፣ እሺ አትበሉ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ የአንድ ሕፃን ቦርሳ ይነጥቃል። ከዚያም የገበሬው እህል ውስጥ ይገባል፣ ድንጋይ የሚወረወርበትም እሱ ነው።

ወደ ድልድዩ በእግር ይወረዳል፣ ሩቅ አይደለም። የአካባቢው ልጆች ሊመሩ ይመጣሉ። አንዱን ምረጡና ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። መንገዱን ከኔም ከናንተም በላይ ያውቁታል፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት ያሳዩዋችኋል።

ድልድዩን ሁሉም "የፖርቹጋል ድልድይ" ይለዋል። ይህን ነገር ሳላስተካክል ማለፍ አልችልም። ፖርቹጋሎች የመጡት በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ይህን ድልድይ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ የአፄ ምኒልክ አጎት፣ ሰላሌን ይገዙ የነበሩት። ቅስት የሆነው የድንጋይ አሠራር ፖርቹጋሎች ሠሯቸው የሚባሉትን የጎንደር ዘመን ድልድዮች ስለሚመስል ስሙ ተጣበቀበት። ልጆቹ ደግሞ ኖራው በሰጎን እንቁላል የተቦካ ነው ይሏችኋል። ይንገሯችሁ፣ የነሱ ተረት ነው፣ ደስ ይላል። ግን ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የራስ ዳርጌን ስም ይዛችሁ ተመለሱ። የገዛ ሰዎቻችን የሠሩትን በባዕድ ስም ስንጠራው ውስጤ ይናደዳል።

መሃሉ ላይ ቆማችሁ ግንቡን በመዳፋችሁ ንኩት። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ አሙቆታል፤ በመካከሉ ያለው ነጭ ኖራ ግን ቀዝቃዛና ሻካራ ነው። ከሥራችሁ ወንዙ በጠፍጣፋው ዓለት ላይ ይንሸራተትና ጥቂት እርምጃ ሄዶ ወደ ገደሉ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ የጀማ ሸለቆ ነው። ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። ታች የሚታዩት ማሳዎች የመሀረብ ቁራጭ ያህሉ። ጥንብ አንሳዎች ከእግራችሁ በታች ይዞራሉ፣ የወፍ ጀርባ ከላይ የሚታይበት ቦታ ብዙ የለም።

እዚህ ጋ አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ። የልጅ እጅ በትልቅ ሰው እጅ ውስጥ ይሆናል፣ አንድ ለአንድ። ፏፏቴው አፋፍ ላይ አጥር የለም፣ እርጥቡ ዓለትም እንደ ሳሙና ነው። ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ሰልፊ የሚያነሳ ሰው ካየሁ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ፣ አልግደረደርም። ተቆጥተውኝ ያውቃሉ። ይቆጡ።

መመለስ

አሥር ሰዓት ሲሆን መኪና ውስጥ ሁኑ። የመመለሻው መንገድ ጨለማን አይወድም፤ ከብት ወደ ቤቱ ይገባል፣ የጭነት መኪና ይበዛል፣ ጋሪው መብራት የለውም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንጦጦን መሻገር ነው ዓላማው።

ሰው ቁጠሩ። ከዚያ ጀሪካኖቹን ቁጠሩ፣ ክዳናቸውን አንድ በአንድ አጥብቁ፣ ከወንበር ሥር ሳይሆን ከኋላ በር ጋ አቁማችሁ እሰሯቸው። እርጎ ለሚፈልግ ጫንጮ ላይ አሥር ደቂቃ። የቀረው ሰው ተኝቷል፣ ነጠላው ፊቱ ላይ ነው። ሾፌሩ እንዳያንቀላፋ ግን እናንተ ከፊት ተቀምጣችሁ አውሩት።